አንድ ዘር ከአንድ መድኃኒት ጋር፦ «ኮንቪሶ ስማርት» በሹገር ቢት ማሳ ላይ ሲመዘን

ስኳር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሸንኮራ አገዳን ቢሆንም፣ ከዓለም የስኳር ምርት አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚገኘው በብርዳማ አገሮች ከሚለማውና የቀይ ሥር የቅርብ ዘመድ ከሆነው ነጭ ሥር፣ ከሹገር ቢት ነው። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ለአውሮፓ የሹገር ቢት አምራቾች የሚሸጠውን «ኮንቪሶ ስማርት» የተባለ የዘርና የፀረ አረም ጥምር ነው። ዘሩ መነሻው የጀርመኑ የዘር ኩባንያ ኬ.ደብሊው.ኤስ ነው፤ «ኮንቪሶ ዋን» የሚባለውን ፀረ አረም የሚያቀርበው ደግሞ ባየር ነው። አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የለውም፤ መድኃኒቱ በተለመደ ሹገር ቢት ላይ ቢረጭ ሰብሉን ከአረሙ ጋር አብሮ ያደርቀዋል፤ ዘሩም ያለ መድኃኒቱ ቢዘራ ከሌላው ዘር የሚለይበት ነገር አይኖረውም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምርቱ በእንግሊዝ ገበያ ላይ የዋለው በ2019 ሲሆን፣ በዋናው የአውሮፓ ምድርም በተቀራራቢ ጊዜ ተሠራጭቷል። ወቅቱ የአጋጣሚ አይመስልም፤ አምራቹ ለዓመታት ሲተማመንባቸው የነበሩ መድኃኒቶች አንድ በአንድ ከፈቃድ መዝገብ የተሰረዙት በእነዚያው ዓመታት ነበርና። እኔ የደረስሁበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ምርቱ የሚሠራውን ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ ነገር ግን የጠፉት መድኃኒቶች በብዙ ትከሻ ተሸክመውት የነበረውን ሸክም በአንድ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፤ ስለዚህ ቆጥቦ ለሚጠቀምበት ገበሬ ጥሩ ግዢ፣ በየዙሩ ያለ ማቋረጥ ለሚዘራው ግን ዕድሜው አጭር የሆነ ግዢ ነው።

ሰብሉን ሳያውቁ መድኃኒቱን መመዘን አይቻልም። ሹገር ቢት በማርች መጨረሻና በኤፕሪል ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ መስመሮች ላይ ይዘራል፤ በሄክታር 100,000 ያህል ተክል እንዲቆም ይፈለጋል። ዋናው ድክመቱ ዝግተኛነቱ ነው። ቅጠሉ ገጥሞ በመስመሮች መካከል ያለውን አፈር የሚያለብሰው ጁን አካባቢ ስለሆነ፣ ለሁለት ወር ገደማ ማሳው ለማንኛውም በቃይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ቁመቱም አጭር ነው፤ ቅጠሉ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለው አመድማዶ ሹገር ቢቱን አልፎ ከአንድ ሜትር በላይ ሲወጣ፣ ከሥሩ ያለው ሰብል ብርሃን አጥቶ ሥሩን ማሳበጥ ያቆማል። አረሙ ጨርሶ ባልተነካበት ማሳ ላይ የሚታጨድ የረባ ምርት አይገኝም፤ በስንዴ ወይም በገብስ ላይ አረም የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

የተለመደው የአረም ቁጥጥር ይህን ክፍተት የሚሸፍነው በተደጋጋሚ በትንሽ በትንሹ በመርጨት ነበር። አረሙ ከአፈር ብቅ ብሎ ሁለቱን የብቅለት ቅጠሎቹን ብቻ እንደያዘ የፌንሜዲፋም፣ የኢቶፉሜሴትና የሜታሚትሮን ቅልቅል ይረጫል፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ በቃይ ሲታይ ርጭቱ ይደገማል፤ በወቅቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። በዚህ ቅልቅል ላይ ዴስሜዲፋም ተጨምሮ ፌንሜዲፋምን ያጠናክር ነበር፤ ትሪፍሉሱልፉሮን ሜቲል በመጠኑ ትንሽ ሆኖ ከቀደመው ዙር የተረፈውን ወፍ ዘራሽ ጎመንዘርና ሌሎች ለዋናው ቅልቅል የማይበገሩ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ያነሣ ነበር፤ ክሎሪዳዞን በአፈር ውስጥ ቆይቶ የሚበቅለውን ያፍን ነበር። የእያንዳንዱ አስተዋጽኦ ለብቻው ሲታይ መጠነኛ ነው። ጉልበታቸው በመደመራቸው ላይ ነበር፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ያገኘዋል፤ ዝናብ ርጭቱን በአንድ ሳምንት ቢያዘገየው እንኳን ከቅልቅሉ ውስጥ የበረታው ክፍተቱን ይዘጋል።

አሁን ከዚያ ቅልቅል ውስጥ የቀረውን እንቁጠር። የክሎሪዳዞን የአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ በ2018 መጨረሻ አበቃ፤ የዚህ መድኃኒት ብስባሽ ውሁዶች በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ በሰፊው መገኘታቸው ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር የቆየ ጉዳይ ነበር። ዴስሜዲፋም በ2019 ፈቃዱ እንዳይታደስ ተወስኖ፣ እስከ ጁላይ 1 ቀን 2020 ከመጋዘን እንዲያልቅ ተደረገ። ትሪፍሉሱልፉሮን ሜቲል በ2024 ለመጨረሻ ጊዜ ተረጨ። በአንዳንድ አገሮች በሹገር ቢት ላይ ይውል የነበረው ኤስ ሜቶላክሎርም በዚያው ዓመት በከርሰ ምድር ውኃ ሥጋት ምክንያት ወጣ። የቀሩት ፌንሜዲፋም፣ ኢቶፉሜሴት፣ ሜታሚትሮን፣ ሌናሲልና ጥቂት ተጓዳኞች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ሜታሚትሮን ያልተፈታ ችግር አለበት፤ በቤልጅግ የሹገር ቢት ማሳዎች ላይ መድኃኒቱን የተላመደ አመድማዶ ከተገኘ ቆይቷል። ውኃን የሚመለከተው ውሳኔ መሠረት የለውም የሚል ክርክር ለማንሣት አልፈልግም። ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ለአንድ ሰብል ምቾት ተብሎ አይነካም። ገበሬው የሚያነሣው ቅሬታ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ የሚወጣበት ቀን በሕግ ሲወሰን ምትኩ የሚደርስበት ቀን ግን በማንም አይወሰንም፤ ይህ ቅሬታ ትክክል ነው።

«ኮንቪሶ ስማርት» ወደዚህ ክፍተት የገባበት መንገድ ለእርሻ ሳይንስ ፍቅር ላለው ሰው ደስ የሚል ታሪክ አለው። ዕፅዋት ቫሊን፣ ሉሲንና አይሶሉሲን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች የሚሠሩት ኤ.ኤል.ኤስ በሚል አሕጽሮት በሚታወቅ ኤንዛይም አማካይነት ነው፤ በርካታ ፀረ አረሞች ይህን ኤንዛይም በመዝጋት ተክሉ ቀስ በቀስ እንዲራብ ያደርጋሉ። ተመራማሪዎቹ ከ2001 ጀምሮ በላቦራቶሪ የሹገር ቢት ሕዋሳትን አሳድገው በዚህ ዓይነት መድኃኒት ውስጥ ነከሯቸው። ከ1 ቢሊዮን በላይ ከሆኑት ሕዋሳት መካከል በራሱ የተፈጥሮ ለውጥ መድኃኒቱን ችሎ የተረፈ ተገኘ። ለውጡ ከኤንዛይሙ ሰንሰለት ውስጥ በአንዲት ቦታ ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ በሉሲን መተካቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ሕዋስ ተክል አሳደጉ፤ በተለመደው የማዳቀል ሥራም ባሕርይውን ወደ ንግድ ዝርያዎች አሸጋገሩት። ከሌላ ፍጥረት የተወሰደ ዘረ መል ስላልገባበት፣ ዘረ መሉ እንደተለወጠ ሰብል ሆኖ አልተመዘገበም።

መድኃኒቱ በሊትር 50 ግራም ፎራምሱልፉሮንና 30 ግራም ታይንካርባዞን ሜቲል ይዟል፤ ሁለቱም የሚዘጉት ያንኑ ኤንዛይም ነው። በሄክታር 1 ሊትር በአንድ ጊዜ፣ ወይም ግማሽ ሊትር ሁለት ጊዜ ይረጫል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሄክታር የሚያርፈው 80 ግራም መድኃኒታዊ ንጥረ ነገር ብቻ ሲሆን፣ የተለመደው መርሐ ግብር በአንድ ወቅት የሚያፈሰው በኪሎ ግራም የሚቆጠር ነው። (ክብደት ብቻውን የመርዛማነት መለኪያ አይደለምና፣ ይህ ልዩነት በማስታወቂያ ላይ የሚሰጠውን ያህል ቦታ እኔ አልሰጠውም።) የርጭቱ ሰዓት የሚለካው በሰብሉ ዕድሜ ሳይሆን በአመድማዶ ቁመና ነው፤ አመድማዶው ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ መርጨት፣ ከአራት ቅጠል ሳያልፍ መጨረስ ያስፈልጋል።

በተለመደው ቅልቅል አረሙ የብቅለት ቅጠሉን ካለፈ ጊዜው አለፈ ማለት ነው፤ ነፋስ ሦስት ቀን ቢነፍስ፣ መሬቱ ትራክተር የማይሸከም ቢሆን፣ ገበሬው የሚከተለውን ወር ሙሉ ሲያሳድድ ይከርማል። «ኮንቪሶ ዋን» ግን ቀናትን ይሰጣል። ሌላው ጥቅሙ ያን ያህል አይወራለትም፤ የተለመዱት መድኃኒቶች ሹገር ቢቱንም በመጠኑ ይጎዱታል፣ ከርጭት በኋላ ለቀናት ቅጠሉ ገርጥቶ ዕድገቱ ይቆማል፤ በዚህኛው ሰብሉ መድኃኒቱን እንደ ውኃ ይቀበለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግነው ግን በአረም ቢት፣ ማለትም በማሳው ላይ አረም ሆኖ በሚበቅለው ቢት ላይ ያለው ኃይል ነው። ሹገር ቢት በተፈጥሮው ሁለት ዓመት የሚኖር ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ሥሩን ያሳብጣል፣ በሁለተኛው ያብባል። የንግድ ዘሩ የሚባዛው ግን በዋነኛነት በደቡብ ፈረንሳይና በሰሜን ጣሊያን ነው፤ በዚያ በአቅራቢያው የሚበቅለው የዱር ቢት የአበባ ብናኝ በነፋስ ሲገባበት፣ በአንድ ዓመት የማበብ ባሕርይ ወደ ዘሩ ይሾልካል። እንዲህ ያለው ተክል በገበሬው ማሳ ላይ ግንድ አውጥቶ ያብባል፣ ይዘራል፣ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። ሹገር ቢትን ከአረም ቢት የሚለይ መድኃኒት ከዚህ በፊት አልነበረም፤ ሁለቱ አንድ ፍጥረት ናቸውና። በአረም ቢት ምክንያት ሹገር ቢት መዝራቱን ለመተው የተቃረበ አምራች ካለ፣ ለዚያ ሰው ይህ ምርት ያለ ክርክር የሚገባው ነው፤ በርጭቱ ጊዜ በቅሎ የተገኘ የተለመደ አረም ቢት ሁሉ ይጠፋልና።

ድክመቶቹን በተመለከተ ቀላሉን አስቀድሜ ላንሣ። በአውሮፓ ማሳዎች ላይ የሚበዛውን፣ ሰማያዊ ጥቃቅን አበባ ያለውንና ቬሮኒካ የሚባለውን አረም በበቂ አይቆጣጠርም፤ ስለዚህ ከሌላ መድኃኒት ጋር መደባለቅ ያስፈልጋል። ኢሚዳዞሊኖን የተባለውን መድኃኒት እንዲችል ተደርጎ የተዳቀለ ጎመንዘር በቀደሙት ዓመታት ተዘርቶበት ከነበረ፣ ወፍ ዘራሹ በዚህም መድኃኒት አይሞትም፤ የሁለቱም መከላከያ በዚያው ኤንዛይም ላይ ነውና። የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች በስኳር ምርታቸው ከምርጥ የተለመዱ ዝርያዎች ያንሱ ነበር፤ ልዩነቱ በየዓመቱ እየጠበበ ቢመጣም፣ አረሙ ቀላል በሆነበት ማሳ ላይ ይህን ዘር የሚገዛ ሰው ለማያስፈልገው ባሕርይ እየከፈለ መሆኑን ማወቅ አለበት። መርጫውን በሚገባ ሳያጥቡ ወደ ተለመደ ሹገር ቢት መግባት፣ ወይም በነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ መልቀቅ፣ የሚያስከትለው ጉዳት የሚጠገን አይደለም። ዘሩ የትኛው ማሳ ላይ እንደተዘራ በጽሑፍ መያዝም ግዴታ ነው፤ ሁለቱ በዓይን አይለዩምና። ዘሩና መድኃኒቱ ተያይዘው ስለሚቀርቡም ገበሬው አንዱን ትቶ ሌላውን በዋጋ ለማወዳደር ያለው ነፃነት ይጠባል።

ከባዱ ድክመት ሌላ ነው፤ በእኔ አስተያየትም የምርቱ ዕጣ የሚወሰነው በእርሱ ነው። ሹገር ቢቱን ያዳነው የትሪፕቶፋንና የሉሲን ልውውጥ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ብቻ የሚሆን አይደለም። ያው ልውውጥ፣ በዚያው የኤንዛይሙ ቦታ፣ ብላክግራስ በሚባለው የሣር አረምም በአሉማ ወገኖችም በሜዳ ላይ ተገኝቷል፤ በብዙ ሌሎች አረሞችም እንዲሁ። ላቦራቶሪው ከ1 ቢሊዮን በላይ በሆኑ ሕዋሳት መካከል የፈለገውን፣ ማሳው በየሄክታሩ በሚሊዮን በሚቆጠር የአረም ዘር መካከል በየዓመቱ ይፈልገዋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ፍለጋውን ያግዘዋል፣ ያልተለወጠውን ሁሉ ገድሎ የተለወጠውን ብቻ ያስቀራልና። ይህ ኤንዛይም በመድኃኒት የሚመታው በሹገር ቢት ማሳ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥጋቱ ቀለል ይል ነበር። ግን በስንዴና በገብስ ላይ የሚረጩት ሜሶሱልፉሮን፣ አዮዶሱልፉሮን፣ ትሪቤኑሮንና ሜትሱልፉሮን የዚያው ወገን ናቸው። በእንግሊዝ ምሥራቅ፣ በሰሜን ፈረንሳይና በሰሜን ጀርመን ብላክግራስ እነዚህን በሰፊው ተላምዷል። ቀድሞ ሹገር ቢት በእህል ዙር መካከል ሲገባ አንዱ ጥቅሙ ለአረሙ የማያውቀውን መድኃኒት ይዞ መምጣቱ ነበር፤ «ኮንቪሶ ዋን»ን ብቻ የሚረጭ ገበሬ ይህን ዕረፍት ከመሬቱ ላይ ያነሣዋል፤ አረሙ በስንዴው ዓመትም በሹገር ቢቱም ዓመት የሚገጥመው አንድ ዓይነት ጠላት ይሆናል።

በአሜሪካ የሆነውን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዚያ ከ2008 ጀምሮ ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም የሚችል፣ ዘረ መሉ የተለወጠ ሹገር ቢት ተሠራጭቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማሳውን ከሞላ ጎደል ሸፈነው። የአረም ሥራ እጅግ ቀለለ። ከዚያ በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ የሹገር ቢት አካባቢዎች ግላይፎሴትን የተላመዱ የኮኪያና የአሉማ ወገን አረሞች በረከቱ፤ ገበሬዎቹም ወደ ድብልቅ መድኃኒትና ወደ ኩትኳቶ ለመመለስ ተገደዱ። የአውሮፓው ምርት በአንድ በኩል ከዚያ ይከፋል፤ የኤ.ኤል.ኤስ ወገን መድኃኒቶችን አረም ከማንኛውም ወገን ፈጥኖ ከሚላመዳቸው መካከል ናቸውና።

በአውሮፓ ሹገር ቢት ላይ ከሁሉ በላይ ምሬት ያስከተለው የመድኃኒት መውጣት ግን የአረም አይደለም፤ ይህ ምርት ደግሞ በዚያ ላይ ምንም አይረዳም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሹገር ቢት ዘር በሚጠቀለልበት ሽፋን ውስጥ ኒዮኒኮቲኖይድ የተባሉት ፀረ ነፍሳት ይገቡ ነበር፤ ተክሉ ሲበቅል መድኃኒቱን በሥሩ ስቦ ለሳምንታት አረንጓዴውን ክሽክሽ ይከላከላል። ይህ ክሽክሽ የሚያመጣው ጉዳት ከመምጠጡ አይደለም፤ ከአፉ የሚያስተላልፋቸው ሦስት ቫይረሶች በአንድ ላይ «ቢጫ ቫይረስ» የሚባለውን በሽታ ያስከትላሉ፤ ከሦስቱ የከፋው ቀድሞ ከገባ የተክሉን ምርት እስከ ግማሽ ሊያሳጣ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ንብ በሚቀስማቸው ሰብሎች ላይ መድኃኒቶቹን ሲገድብ ሹገር ቢት አልተነካም፤ ሳያብብ ስለሚታጨድ ንብ አይመጣበትም ተብሎ ነበር። በ2018 ግን ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ክሎቲያኒዲንና ታያሜቶክሳም ከቤት ውጭ በማንኛውም ሰብል ላይ እንዳይውሉ ተወሰነ፤ መድኃኒቱ በአፈር ቆይቶ በሚቀጥለው ሰብልና በዳር አበቦች ላይ ይደርሳል የሚለው ማስረጃ ሚዛን ደፍቶ ነበር።

ከዚያ 2020 መጣ። ከመዝራቱ በፊት ያለፈው የብርድ ወቅት ለክሽክሽ የሚመች ሞቃት ነበር፤ በፈረንሳይ የአገሪቱ የሹገር ቢት ምርት በ30 በመቶ ገደማ፣ በእንግሊዝ ደግሞ በሩብ ያህል ወደቀ። የፈረንሳይ ፓርላማ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ለጊዜው የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በ2021 እና በ2022 ዘሩ ተሸፍኖ ተዘራ። በጃንዋሪ 19 ቀን 2023 የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት፣ በግልጽ በተከለከለ መድኃኒት የተሸፈነ ዘርን በአስቸኳይ ፈቃድ ስም ማስገባት አይቻልም ሲል ፈረደ፤ በሩ ተዘጋ። እንግሊዝ ከኅብረቱ ስለወጣች የራሷን መንገድ ያዘች፤ በየዓመቱ የክሽክሽና የቫይረስ ትንበያ ይወጣል፣ ትንበያው ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ ታያሜቶክሳም ያለው ዘር ይፈቀድ ነበር። በ2021 ጣሪያው 9 በመቶ፣ ትንበያው 8.37 በመቶ ስለነበር ዘሩ ሳይፈቀድ ቀረ። በ2022 ትንበያው 69 በመቶ ገደማ፣ በ2024 ደግሞ 83 በመቶ ደርሶ ተፈቀደ። በ2025 መንግሥት ማመልከቻውን ሳይቀበል ቀረ።

ይህን ያህል ከምርቱ ርቄ የሄድሁት፣ የኒዮኒኮቲኖይዱ ዘር የ«ኮንቪሶ»ን ታሪክ አስቀድሞ የኖረ ስለሚመስለኝ ነው። እርሱም ጥበቃውን በአንዲት ዘር ውስጥ ጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ገበሬውን ከማሳ ምልልስ የሚገላግል ምርት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ በአንድ ውሳኔ ሲወጣ፣ ክሽክሽን በዓይን ቆጥሮ መቼ እንደሚረጭ የሚወስነው የገበሬ ችሎታ ብዙ ቦታ ተረስቶ ተገኘ። አሁን በእንግሊዝ የሚሰጠው ምክር፣ ሰብሉ አሥራ ሁለት ቅጠል እስኪደርስ በአራት ተክል አንድ ክንፍ የሌለው አረንጓዴ ክሽክሽ ከተገኘ ርጭት ይጀመር የሚል ነው። ርጭቱ ግን ብዙ ምርጫ የለውም። ፓይረትሮይዶችንና ካርባሜቶችን ክሽክሹ ተላምዷቸዋል፤ ፍሎኒካሚድ ይሠራል፣ ግን የሚፈቀደው የርጭት ብዛት የተገደበ ነው፤ ስፓይሮቴትራማት በ2024 ፈቃዱ በኅብረቱ አበቃ፤ አሴታሚፕሪድ በኅብረቱ ቢፈቀድም በፈረንሳይ የተከለከለ ሲሆን፣ በ2025 ሊመልሰው የወጣው ሕግ በዚህ ክፍል ላይ በሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በኦገስት ወር ውድቅ ተደርጓል። ቫይረሱን በከፊል የሚቋቋሙ ዝርያዎች እየወጡ ነው። አንድ ገበሬ የአረሙን ችግር በ«ኮንቪሶ» ፈትቶ የቢጫ ቫይረሱን ችግር በሌላ ዝርያ ለመፍታት ቢፈልግ ግን፣ ሁለቱን ባሕርያት ከጥሩ ምርት ጋር አጣምሮ የያዘ ዘር በቀላሉ አያገኝም። ይህ እንደ ገዢ ካሉኝ ቅሬታዎች ትልቁ ነው።

የቅጠል ነጠብጣብ በሽታ የሚያመጣው ሰርኮስፖራ የተባለ ፈንገስም ከዚህ ውጭ ነው። በእርሱ ላይ ይረጩ የነበሩት ኤፖክሲኮናዞልና ሳይፕሮኮናዞል ወጥተዋል፤ የቀሩትን ፈንገሱ በብዙ ቦታ እየተላመዳቸው ስለሆነ ገበሬው ወደ መዳብና ወደ ተቋቋሚ ዝርያዎች ዞሯል።

አማራጮቹስ? በመስመር መካከል በካሜራ የሚመራ የኩትኳቶ ማሽን ዛሬ ከሹገር ቢቱ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሰብሉን ሳይነካ ያርማል፤ መድኃኒቱን በመስመሩ ላይ ብቻ በጠባቡ የሚረጭ መሣሪያ ሲጨመርበት የመድኃኒቱ መጠን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። የዴንማርኩ ፋርምድሮይድ ሮቦት ደግሞ በፀሐይ ኃይል እየተንቀሳቀሰ ይዘራል፣ እያንዳንዱ ዘር ያረፈበትን ቦታ በሳተላይት መዝግቦ ይይዛል፣ ከዚያ ሰብሉ ገና ሳይበቅል በዘሮቹ መካከል ሳይቀር መኮትኮት ይጀምራል። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ በታች ስለሆነ ለሰፊ ማሳ አይበቃም፤ እርጥብ ጸደይም ሁሉንም ማሽን ያስቆማል፣ የተነቀለው አረም በጭቃው ላይ መልሶ ሥር ይሰዳልና። ቢሆንም መድኃኒትን የተላመደ አረም ብረትን አይላመድም። እኔ «ኮንቪሶ ስማርት»ን ከኩትኳቶ ጋር እንጂ በኩትኳቶ ምትክ አልመክርም፤ በኩባንያዎቹ ምክር ራሱ ውስጥ ያለውን፣ ከፌንሜዲፋም ወይም ከሜታሚትሮን ጋር መደባለቅንም ለተጨማሪ ወጪ ብሎ መተው ስህተት ነው።

እንግዲህ ለማን ይገባል? አረም ቢት ለበዛበት ማሳ፣ እንዲሁም ርጭቱን በሰዓቱ ለማድረስ አፈሩና አየሩ ለሚያስቸግረው ሰው በደስታ እመክረዋለሁ። ብላክግራሱ የኤ.ኤል.ኤስ መድኃኒቶችን እንደተላመደ የሚያውቅ ገበሬ ለሣሩ ሌላ መድኃኒት ካላዘጋጀ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል። አረሙ ቀላል የሆነበትና መርጫው በሰዓቱ የሚደርስለት ሰው የተለመደውን ዘር ይዝራ፤ ይህንንም ለክፉ ቀን ያቆየው።

የገዛ ሰው አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ በመመሪያው ላይ ተጽፎ ሳለ በብዙ ማሳ ላይ ሲዘለል የሚታየውም እርሱ ነው። በዚህ ዘር ውስጥም ቢሆን ከዱር ቢት ብናኝ የገባባቸው ጥቂት ተክሎች ይኖራሉ፤ እነዚህ ግን መድኃኒቱን የሚችሉ ናቸው። ካበቡና ከዘሩ አንዱ ተክል ብቻ ከሺህ በላይ ዘር ይጥላል፤ ከዚያ ዘር የሚበቅለውን አረም ቢት «ኮንቪሶ ዋን» አይገድለውም፤ በስንዴው ላይ የሚረጩት የዚያው ወገን መድኃኒቶችም አይገድሉትም፤ ምርቱ የተገዛበት ዋና ምክንያትም በዚያ ማሳ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከጁን መጨረሻ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ማሳውን በእግር እየዞሩ ከሰብሉ በላይ አንገቱን ያወጣውን ሁሉ መንቀል ያስፈልጋል፤ ያበበው ወይም ፍሬ የያዘው ደግሞ ተነቅሎ መሬት ላይ ቢተው ዘሩን ያበስላልና፣ በጆንያ ተይዞ ከማሳው መውጣት አለበት።